ሶፋ ሥር የሰነበተው ቫዮሊን

“ቫዮሊኑን የምትይዘዋ ልጅ መጥታለች?” አለች አንደኛዋ። “መጥታለች፤ እታች ቁጭ ብላለች” አለች ሁለተኛዋ፣ ቧንቧውን ከፍታ እጇን እየታጠበች። “ምስኪን! ለሷም ሽልማቱ ይሰጣታል?” “እንዴ! ፎቶው ላይ አለችበት አይደል እንዴ?” ሁለቱም ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር፤ ክፋት ቢኖርበት ሳይሻል አይቀርም ነበር። ኔልዳ ስቶቫል እታች አልነበረችም። እዚያው ሽንት ቤት ውስጥ፣ ከልጆቹ ጀርባ፣ ሦስተኛውን በር ቆልፋ፣ የቫዮሊኗን ሳጥን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። መሬት ላይ አላስቀመጠችውም፤ አባቷ ሽንት ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ቢያየው ምን እንደሚል ታውቃለች። ልጆቹ እጃቸውን አደራርቀው፣ ስለ አንዷ ጫማ ትንሽ አውርተው ወጡ። ኔልዳ ያልተጠቀመችበትን ሽንት ቤት ውሃ ለቀቀችና ወጣች፤ መስተዋት ፊት ቆማም የከንፈሯን ቀለም አስተካከለች። ተናደደች ቢባል ውሸት ነው። መናደድ የቀረላት ከዓመት በፊት ነው፤ አሁን ውስጧ ጥርስ ሐኪም ቤት እንደደነዘዘ መንጋጋ ነው፣ ቢነክሱትም አይሰማውም።

የልጆቹ ወሬ ደግሞ እውነት ነበር። ናሽቪል ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአልበሙ ልባስ ላይ ፎቶው የሚወጣው ሌላ፣ አልበሙ ላይ የሚጫወተው ሌላ። የሙዚቃ ባንዱ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ይኖራል፤ ስቱዲዮው ግን የራሱ ሰዎች አሉት፤ ጠዋት ሁለት ዘፈን ቀድተው ምሳቸውን የሚበሉ፣ አንድ ኖታ የማይስቱ፣ ከቤታቸው ሳንድዊች ቋጥረው የሚመጡ ጎልማሶች። “የስቶቫል ልጆች” የተባለው የነኔልዳ ባንድ አባላት የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊቀዱ የገቡ ቀን፣ ፕሮዲዩሰሩ ላይል ኮከር ኔልዳን ሁለት ጊዜ አጫወታትና ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ በድምፅ ማጉያው “ኔልዳ፣ የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ትንሽ እረፊ” አላት። ከሰዓት ጃርቪስ ቶላንድ የሚባል መላጣ ሰው መጣ። ኔልዳ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስቱዲዮው ሶፋ ላይ አረፈች፤ ቫዮሊኑም ሶፋው ሥር አረፈ። ባስ ጊታርና ከበሮ የሚጫወቱት ያክስቷ ልጆች፣ ሮይስና ኬኒም እንደሷው አረፉ፤ እነሱ ግን ካርታ እየተጫወቱ፣ እየሳቁ። ወንድሟ ጋርላንድ ብቻ ነው ከአራቱ ገብቶ የዘፈነው። አልበሙ “ከድልድዩ ወዲህ” ተብሎ ወጣ፤ ይኸው በዓመት ከመንፈቁ አንድ ሚሊዮን ተሸጠ።

እታች አዳራሹ ውስጥ የአልበሙን ልባስ አስመስለው የጋገሩት ኬክ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። የኔልዳ ፊት ኬኩ ላይ በክሬም ተሥሎ፣ አንድ ዓይኗ ወደ ሰሃኑ መንሸራተት ጀምሯል። የካምፓኒው ኃላፊ ንግግር አደረገ፤ አንድ ሚሊዮን ቤት ገብታችኋል አለ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በየስማቸው እየተጠሩ በመስታወት ፍሬም የገባ ብርማ ሸክላ ተሰጣቸው። የኔልዳ ላይ፣ ከሸክላው ሥር፣ በትንሽ የናስ ሰሌዳ ስሟ ተቀርጿል። ጃርቪስ ቶላንድ አልተጠራም፤ እንደሱ ያለውን ማንም አይጠራም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ስቱዲዮ ውስጥ የሌላ ሰው አልበም ላይ እየተጫወተ ይሆናል። ፎቶ አንሺው “ቫዮሊኑን አንሺው እንጂ የኔ እመቤት! አገጭሽ ሥር!” አላት። ስታነሳው ከሆዱ ውስጥ ሽ… የሚል ድምፅ ተንሿሿ። “ውይ፣ ውስጡ የወለቀ ነገር አለ መሰለኝ” አለ ፎቶ አንሺው። “እባብ ነው” አለ ጋርላንድ፣ ሰውም ሁሉ ሳቀ። ኔልዳም ሳቀች፤ ፎቶው ላይ ስትስቅ ነው የወጣችው።

እውነትም እባብ ነበር፤ የእባብ ጭራ። እነሱ አገር ያደገ የቫዮሊን ተጫዋች ሁሉ፣ ያኔ ድሮ፣ ጭራውን የሚያንሿሿ እባብ ገድሎ ጭራው ጫፍ ላይ ያለውን ቃጭል ቆርጦ ቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ይከተዋል። እርጥበት ያባርራል ይላሉ፣ አይጥ አያስጠጋም ይላሉ፣ ድምፁን ያጣፍጣል ይላሉ። ይሄኛውን የገደለው የኔልዳ አያት ነው። እሱ ሰውዬ ወጣት ሳለ፣ ከሰሜን የመጡ ሰዎች አንድ ባርኔጣ ቤት ውስጥ የመቅጃ ማሽን ተክለው የተራራማውን አገር ተጫዋች ሁሉ ይቀዳሉ ሲባል ሰምቶ፣ ቫዮሊኑን በዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ሁለት ቀን በእግሩ ሄደ። ወንዝ ሞልቶ አንድ ቀን አዘገየው። ሲደርስ ማሽኑ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሚስማር እየተመታበት ነበር። ልጁ፣ ማለትም የኔልዳ አባት ሆይት፣ ናሽቪል ወርዶ ምድጃ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ብረት መቀጥቀጫው ማሽን የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት፤ ቫዮሊኑም ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ቀረ። የመቅዳቱ ነገር እርግጥ ሲሆን ሆይት ቫዮሊኑን ከሚስማሩ አውርዶ ለኔልዳ ሰጣት። “ድምፁ አንድ ቀን ሸክላ ላይ ይግባ እንጂ ሌላ አልፈልግም” ነው ያላት። ሌላ አልፈለገም።

ኬኩ ጋ ጋርላንድን ለብቻው አገኘችው። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ወር በልቧ ስታመላልሰው ነው የከረመችው።

“ጋርላንድ፣ ነሐሴ ላይ ለሁለተኛው አልበም ስንገባ እኔም እጫወታለሁ አይደል?”

አውራ ጣቱ ላይ የቀረውን ክሬም ላሰ። “ላይልን ጠይቂው።”

“አንተን ነው የጠየቅኩህ።”

“ኔል፣ በናትሽ ዛሬን እንኳ አታበላሺብኝ። ስምሽ ተጽፏል፣ ፎቶሽ ወጥቷል፣ ከማናችንም ያነሰ አላገኘሽም። ሮይስና ኬኒ አንድ ቀን አፍ አውጥተው ያውቃሉ?”

“እነሱ አባዬ ቫዮሊን አልሰጣቸውም።”

“ማን ይነግረዋል? አርባ ዓመት ብረት ሲደለቅበት የኖረ ጆሮ! ተይ እንጂ።” ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። “እማዬን ለእራት እንዳትጠብቀኝ በያት፣ ሬዲዮ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ አለብኝ።” ይሄም የታወቀ ነበር። ካሴቱ ከወጣ ወዲህ ጋርላንድ አባቱ ቤት የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡሱን ሳያጠፋ። ኔልዳ ላይል ኮከርን ፍለጋ አዳራሹን ዞረች። በሩ ላይ አገኘችው፤ ኮቱን እየለበሰ፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ግንባሯን ሳማትና “ኩራቴ ነሽ” ብሏት ወጣ። ሸክላውን በአንድ ብብቷ፣ ቫዮሊኑን በሌላ እጇ ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች። አልጠየቀችውም። ብትጠይቀውም መልሱን ታውቀዋለች።

ድልድዩ መግቢያ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደፈነው ጉድጓድ አለ። መኪናዋ እዚያ ላይ በዘለለች ቁጥር ከኋላ ወንበር ሽ… ይላል፤ ኔልዳ ከመልመዷ የተነሳ የምታስተውለው ሳይሰማ ሲቀር ብቻ ይመስላታል። ወንዙን ተሻግራ እናቷ ያዘዘቻትን አሬራ ልትገዛ ሱቅ ገባች፤ አንድ ዶላር ከአሥራ ዘጠኝ ሳንቲም፤ ባለፈው ወር ዶላር ከአምስት ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ሚስ ኦማ ኔልዳን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ያኔውኑ ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ “ወደ ቤት አልደወልኩም” የሚለውን ዘፈናቸውን ለቀቀ፤ ገና መግቢያው ላይ ያለውን፣ ቫዮሊን ብቻውን የሚያለቅስበትን። ሚስ ኦማ አሬራውን እጇ ላይ እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። “ልጄ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ እኮ አንጀቴን ነው የምትበይው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚህ ያስለቀሰኝ የለም።” “እግዜር ይስጥልኝ ሚስ ኦማ” አለች ኔልዳ። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ስትል ፊቷ ይቀላ ነበር። አሁን መልሱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የወላጆቿ ቤት ሁለት መኝታ ቤት ያለው የእንጨት ቤት ነው፤ ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ አንገቱን እያዞረ ያንኑ ሙቀት ያመላልሳል። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው የመኪና መቀመጫ የሚመስል ላስቲክ ለብሷል፤ ከሶፋው በላይ ሚስማሩ አለ። ከሚስማሩ ሥር የግድግዳው ወረቀት ላይ፣ ፀሐይ ሳይነካው የኖረ፣ የቫዮሊን ቅርፅ ያለው ደማቅ ቦታ አለ። ሆይት ለአንድ ዓመት ከምናምን እዚያ ላይ ምንም አላሰቀለም፤ የቀን መቁጠሪያ እንኳ። እናቷ ቨርና ሸክላውን ስታይ እልል ማለት ነበር የቀራት፤ መስታወቱን በሽርጧ ወለወለች፣ ስሟን በጣቷ ዳሰሰች፣ ኩክቪል ላለችው እህቷ ስልክ ደወለች። “አዎ፣ ኔልዳ የሚል ጽሑፍ አለበት! በናስ! አዎ፣ መግቢያው ላይ ያለው እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ነው?” ስልኩን ዘግታ ወደ ሚስማሩ አየች። “ሆይት፣ እዚህ ላይ ልክ አይደል? ሚስማሩ እኮ ባዶውን ነው የከረመው።” “ሚስማሩን ተይው” አለ ሆይት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። ጭኑ ላይ ትንሿ ካሴት ማጫወቻው ነበረች።

እራታቸውን በአሥራ አንድ ሰዓት በሉ፤ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የተቆራረጠ ቲማቲም፣ በረዶ የገባበት ሻይ። ሆይት ዳቦውን አሬራ ውስጥ ፈትፍቶ በማንኪያ በላ። ያወሩት ስለ ቲማቲሙ ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ስለ በዛበት ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ስለ ጋርላንድ ማንም አላነሳም፤ የሱ ሰሃን ቀርቦ ባዶውን ተነሳ። “ይሄ አባትሽ ጆሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት” አለች ቨርና በመሃል፣ ሻይ እየቀዳች። “በየቀኑ ከምሳ በኋላ ያንን ካሴት ከፍቶ፣ ጆሮውን እላዩ ላይ ለጥፎ መግቢያዋን ብቻ እየመለሰ እየመለሰ! የመጀመሪያውን አልቆ ክሩ ረዘመበት። ሌላ ገዛ! ልጁ በነፃ ካርቶን ሙሉ ሊያመጣለት ሲችል ስምንት ከዘጠና ስምንት ከፍሎ! እብድ ነው።” ሆይት ማንኪያውን አስቀመጠ። ኔልዳ ቀና ብላ አላየችውም። ቲማቲሙን ቆርሳ በላች።

ሰሃኑ እንደታጠበ ቨርና ሸክላውን አቅፋ፣ መንገዱን ተሻግራ ለጎረቤቷ ልታሳይ ሄደች። በመስኮት ትታያለች፤ ፍሬሙ ከደረቷ ሰፍቶባት በጎን በጎን ስትራመድ። ቬንትሌተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ።

“ቃጭሉን አስወጡብሽ እንዴ?” አለ ሆይት።

“ምን?”

“የስቱዲዮ ሰዎቹ። የእባቡን ቃጭል። ካሴቱ ላይ አጣሁት። ደጋኑ ጠበቅ ሲል እኮ መሰማት ነበረበት። አባቴ ሲጫወት ከጓዳ ይሰማኝ ነበር።”

“አዎ” አለች ኔልዳ፤ “አስወጡት። ማይክራፎኑን ይረብሻል ብለው።”

“እ…” አለ። ተነስቶ ሳጥኑን ከፈተ፤ ቫዮሊኑን በሦስት ጣቱ አንገቱን ይዞ አወጣና ወደ ጎን ዘንበል አደረገው። ሽ… አለ። ሁለቱም ሰሙት። “መልሰው አስገብተውልሻላ” አለ ሆይት ቀስ ብሎ። “ደግ ሰዎች ናቸው።” አሽሙር አልነበረበትም። ከነገሩ ማምለጥ ከፈለገች መውጫ መንገድ እየሰጣት ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ሸክላው ይሰቀላል፣ እሷ ወደ አውቶቡሷ ትሄዳለች፣ እሱ ከምሳ በኋላ ካሴቱን ይከፍታል።

“አባዬ፣ እኔ አልተጫወትኩም።”

“አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካሴቱን ያመጣሽ ቀን። ገና ምሳ ሳይቀርብ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ዓመት ሙሉ!”

“አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ” አለ ሆይት። “ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ሰው ጆሮው ያረጃል አይደል? እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ልስማው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እያልኩ…” ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኔልዳ የእናቷ ሽርጥ የተንጠለጠለበትን ወንበር ስታይ ቆየች።

“ሰውየው ጎበዝ ነው?” አለ ኋላ።

“ጎበዝ ነው።”

“ካንቺ ይበልጣል?”

“ይበልጣል።”

“ይበልጣል” አለ ሆይትም፤ ለልጁ ብሎ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። “ዜማውን ግን ከየት አመጣው? እሱ እኮ የአባቴ ዜማ ነው። የትም አልተጻፈም።”

“እኔ ነኝ ያስጠናሁት። ኮሪደር ላይ። ሦስት ጊዜ ተጫወትኩለት።”

“በዚህ?”

“በዚህ።”

“ቃጭሉ ውስጡ እያለ?”

“እያለ። ምንድነው እሱ አለኝ፤ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና እስቲ አንዴ ልያዘው አለኝ።”

“ሰጠሽው?”

“ሰጠሁት።”

ሆይት ቫዮሊኑን በመዳፉ ዳበሰው። ከሆዱ ላይ የሌለ አቧራ ጠረገ። “እንግዲህ አንድ ሰው ሰምቶታል” አለ።

ቨርና እየሳቀች ገባች፤ ጎረቤቷ ሸክላው እውነተኛ ብር መሆኑን በጥርሷ ልትፈትን ምንም አልቀራትም አለች። “በሉ፣ የት ልስቀለው? ሆይት፣ ዛሬ እምቢ አትለኝም!” ሆይት ተነሳ፤ ሶፋው ላይ በአንድ ጉልበቱ ወጣ፤ ላስቲኩ ጮኸ። ቫዮሊኑን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ደማቁ ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ከዚያ ወርዶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ቨርና ፍሬሙን እንዳቀፈች አፏን ከፍታ ቀረች። “እንዴ! አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ልጅቷ ሐሙስ ቱልሳ ሥራ አለባት እኮ!”

“ሌላ ይዛ ትሂድ” አለ ሆይት። “ሱቁ ሙሉ ቫዮሊን ነው።” ከሶፋው ወርዶ ባዶውን ሳጥን ዘጋና ለኔልዳ አቀበላት። “ይሄ ያንቺ ነው፤ በገንዘብሽ የገዛሽው።” ቁጣ የለበትም፣ ድምፁም ከፍ አላለም፤ ስለ ቲማቲሙ ሲያወራ የነበረበት ድምፅ ነው። “ስቱዲዮው ያስገቡሽ ቀን ነይና ውሰጂው። እዚሁ ነው ያለው።”

“ምንድነው የሚያወራው? ስቱዲዮው ምን?” አለች ቨርና፣ አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን እያየች። ኔልዳ እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፤ አባቷንም ሳመችው፤ አንገቷን እቅፍ አድርጎ ለቀቃት። በሩ ላይ ሆና ስታይ ቨርና ሸክላውን ቴሌቪዥኑ ላይ አቁማ፣ ወደ ኋላ ፈንገጥ ብላ ቀና መሆኑን እያየች ነበር። ቀና አልነበረም።

የባንዱ አውቶቡስ ማታ በአንድ ሰዓት ነው የሚነሳው። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ከየበረንዳው ሰው እጁን ያነሳላታል፣ እሷም ታነሳለች። ሳጥኑን እንደ ልማዷ ኋላ ወንበር ላይ አስተኝታ የመኪናውን ቀበቶ አስራበታለች፤ መታሰሩ ለምን እንደሆነ አላሰበችውም። የሚስ ኦማን ሱቅ አለፈች፣ ነዳጅ ማደያውን አለፈች፣ ወደ ድልድዩ ታጠፈች። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ፍሬን አልያዘችም። መኪናዋ ዘለለች፣ ኔልዳም ሳታስበው ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ጠበቀች። ከኋላ ምንም አልተሰማም። የደነዘዘው ውስጧ ያኔ ገና አመማት።